ለአየር ንብረት ሲባል ምግብ ላይ ብር የሚጨምር ከተሜ አለ?

የጎፋዋ_ጋጋሪ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ አንብባችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ጎፋ አካባቢ አነስ ያለች የእንጀራ መጋገሪያ አለችኝ። ለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለጥቂት ቢሮዎች እናስረክባለን። ምጣዶቻችን በሙሉ የኤሌክትሪክ ናቸው። እንጨትም፣ ቅጠልም፣ ሰጋቱራም አናነድም። የአገራችን መብራት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። እንጀራ ምን ያህል ማገዶ እንደሚበላ የጋገረ ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛ እንጀራ በእንጨት ከሚጋገረው ጋር ሲተያይ፣ ሲጋገር የሚለቀው ካርቦን በጣም ያነሰ ነው።

ወጪው ግን ከባድ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየ3 ወሩ ይጨምራል፤ ጭማሪው የተዘረጋው ለ4 ዓመት ነው። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ጋጋሪዎቹም ቆመው ይውላሉ። ዋጋ ላስተካክል ስል ባለሱቁ "በእንጨት የምትጋግረዋ በዚህ ዋጋ ታስረክበኛለች" ይለኛል።

አንዲት ጓደኛዬ "ማሸጊያው ላይ 'አነስተኛ ካርቦን' ብለሽ ጻፊና በአንዱ እንጀራ 2 ብር ጨምሪ። ከተሜው ነቅቷል፣ ይከፍላል" አለችኝ። ልቤ ይፈልገዋል። በጭስ ውስጥ ጋግሬ ስላደግኩ ይህ ሥራ ለእኔ ከንግድ በላይ ነው። ግን ይከፍላል ወይ? አዲስ አበባ ያላችሁ በሐቅ ንገሩኝ። ውጭ ያላችሁም፣ እናንተ አገር ሰው ለዚህ ብሎ በእውነት ኪሱ ይገባል?

መርካቶ_ዙሪያ

እህቴ፣ በሐቅ ካልሽ አይከፍልም።

እዚህ ከተማ ብዙው ቤተሰብ ከሚያወጣው ብር ትልቁ ድርሻ ለምግብ ነው የሚሄደው። ደሃው ዘንድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ሁሉም የት እንደደረሰ አንቺው ታውቂዋለሽ። በቀን 10 እንጀራ ለሚገዛ ቤት 2 ብር ማለት በወር 600 ብር ነው። ያ የልጅ ደብተር ነው፣ ያ ትራንስፖርት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አይረሳ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን የሚበላው ሰው ከመጀመሪያውም ካርቦኑ ትንሽ ነው። አቅም አጥቶ ሥጋ ያልበላውን ሰው "ለአየር ንብረት ጨምር" ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ቁርጥ ቤት ተሰልፎ በኪሎ የሚያስመዝነውን ጠይቂልኝ።

ስቶክሆልም_ነዋሪ

የስዊድኑን ልንገራችሁ። እዚህ ማክስ የሚባል የበርገር ቤት አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእያንዳንዱን ምግብ ካርቦን ከዋጋው አጠገብ ሜኑው ላይ ጻፈ። በ2020 ደግሞ ፌሊክስ የሚባለው የምግብ አምራች ስቶክሆልም ውስጥ ለጥቂት ቀን የቆየ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ዋጋው የተጻፈው በካርቦን መጠን ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት 18.9 ኪሎ ተመድቦለት በዚያ ልክ ይገዛል። ሥጋ ያነሳ ሰው ቶሎ ያልቅበታል፣ አትክልትና ጥራጥሬ ያነሳው ይተርፈዋል።

ሁለቱም ጥሩ ትምህርት ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሰውን ሌላ ምግብ እንዲመርጥ ነው የሚጠይቁት። "ለዚሁ ምግብ ብር ጨምር" ማለት ሌላ ጥያቄ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን "ለአየር ንብረት ትከፍላላችሁ?" ብላቸው ሁሉም አዎ ይሉኛል። ሱፐርማርኬት አብረን ስንገባ ቅናሽ የተለጠፈበትን ነው የሚያነሱት። ደሞዛቸው ደግሞ ከእኛ አገር ሰው ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ "አዎ እከፍላለሁ" የሚል መልስ ስትሰሚ ደንበኛ አገኘሁ ብለሽ ዱቄት አታስፈጪ።

ራይን_ዳር

ጀርመን የሆነው ደግሞ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። ፔኒ የሚባለው ርካሽ ሱፐርማርኬት በ2023 ክረምት ለአንድ ሳምንት 9 ምርቶችን በ"እውነተኛ ዋጋቸው" ሸጠ። ዩኒቨርሲቲዎች የአየር ንብረቱን፣ የአፈሩን፣ የውሃውንና የጤናውን ጉዳት አስልተው ዋጋው ላይ ደመሩት። 3.19 ዩሮ የነበረው ቋሊማ 6.01 ገባ። 2.49 የነበረው አይብ 4.84 ሆነ። ከዕፅዋት የተሠራው ሽኒትስል ግን ከ2.69 ወደ 2.83 ብቻ ነው ከፍ ያለው።

በዚያ ሳምንት ገብቼ ነበር። ሰው ቋሊማውን አንስቶ ዋጋውን አይቶ መልሶ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ይናደዳል፤ ኑሮ በተወደደበት ሰዓት ይህ ምን ማለት ነው ይላል። እኔ ግን ሙከራውን ወድጄዋለሁ። ለምን ቢባል፣ ርካሽ የመሰለን ነገር ወጪው ሌላ ቦታ እንደሚከፈል አሳይቷል። አንዱ በጎርፍ ይከፍለዋል፣ ሌላው በድርቅ። ቦረና ላይ ከብቱ ያለቀበት ሰው የዚያን ቋሊማ ሂሳብ እየከፈለ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁም "አይከፍልም" አላችሁ። እኔ ደግሞ የኛ ሰው እንደሚከፍል በዓይኔ አይቻለሁ። የሚከፍለው ግን በተቃራኒው ነው።

ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ሱቆች ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጀራ አለ። አንዱ እዚሁ የተጋገረ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ነው። የአዲስ አበባው ይወደዳል፣ ሆኖም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ስልክ የሚደውል አለ፣ "አስቀምጡልኝ" የሚል አለ።

አሁን ሂሳቡን እዩት። በአውሮፕላን አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ይለቃል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደላስ አየር ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ እንጀራ እኔ ጋ ሲደርስ ለጉዞው ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ካርቦን ለቋል። የአንድ ኪሎ የዶሮ ሥጋ ከእርሻ እስከ ሱቅ ያለው አማካይ ካርቦን ራሱ ወደዚያው ነው። በመርከብ ቢሆን መቶ እጥፍ ያነሰ ነበር። ግን እንጀራ መርከብ ላይ አይቆይም፣ ይሻግታል። ጤፉ በጥሬው በመርከብ መጥቶ እዚህ እንዳይጋገር ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የጤፍ እህል ወደ ውጭ መላክ ተገድቧል። እዚህ የሚጋገረው ባብዛኛው አይዳሆ በበቀለ ጤፍ ነው፣ ገብስና ስንዴ የሚቀላቀልበትም ብዙ ነው።

ሰው ለምን ይከፍላል? ጣዕሙ ነው። እርሾው ነው፣ ዓይኑ ነው፣ "ንጹህ ጤፍ ነው" የሚለው እምነት ነው። አንዲት እናት "የአገሬን እንጀራ ስበላ ሆዴ ይረጋል" ስትል ሰምቻለሁ። ይህን በካርቦን ሂሳብ ልትከራከሪው አትችዪም። ስለዚህ ጥያቄው "ከተሜ ይከፍላል ወይ" አይደለም። ይከፍላል። የሚከፍለው ለሚቀምሰውና ለሚያምነው ነገር ነው። ካርቦን ደግሞ አይቀመስም።

ዱባይ_ዴራ

እዚህም እንደዚያው ነው፤ ትኩሱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ግን ወንድሜ፣ አውሮፕላኑ መንገደኛ ጭኖ መምጣቱ አይቀርም። እንጀራው ሆዱ ውስጥ ገባ አልገባ ምን ለውጥ አለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አለው። ጭነት ለአየር መንገድ ገቢ ነው፤ በረራው የሚያዋጣው በመንገደኛም በጭነትም ነው። ክብደት ሲጨምር ነዳጁም ይጨምራል። ደግሞ እንጀራ አትላኩ አላልኩም፣ ለጋጋሪዎቹ የውጭ ምንዛሪና እንጀራ ነው። ሰው ለምን ኪሱ እንደሚገባ ለማሳየት ነው ያነሳሁት።

ሰላም_ጓዳ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልክ ነው። እኛ ቤት ምሳሌው እንቁላል ነው። እናቴ የሀበሻ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል በብዙ ዋጋ ትገዛለች። ለዶሮ ወጥ ደግሞ የፈረንጅ ዶሮ ቤታችን አይገባም። ጤፍም እንዲሁ፤ ማኛ ከሰርገኛ፣ ሰርገኛ ከቀይ ዋጋው ይለያል፣ ግን ለበዓል ማኛ ይገዛል። የአድአ ነው የምንጃር ነው እየተባለ ይጠየቃል። ቅቤም የት መጣሽ ተብሎ፣ ተሽትቶ፣ ተቀምሶ ነው። ማንም "ይህን የሚከፍል ከተሜ የለም" አይልም።

ታዲያ የሀበሻ ዶሮ ግቢ ውስጥ ለቅማ የምታድግ ናት። መኖ በመኪና አይመጣላትም፣ በመብራት አትሞቅም። እሷን መግዛት አነስተኛ ካርቦን መግዛት አይደለም እንዴ?

የሱሉልታ_ወተት

እህት፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የአገር ቤት ስለሆነ፣ ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ካርቦኑ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ወተት ሥራ ውስጥ ነኝ፣ በላም ልናገር።

የአገራችን ላም በቀን 2 ሊትር እንኳ የማትሞላ ናት። ግን 2 ሊትር ብትሰጥም 15 ብትሰጥም ዓመቱን ሙሉ ታመነዥካለች፣ ሚቴን የሚባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ታወጣለች። ያ ሁሉ ለጥቂት ሊትር ሲካፈል የአንዱ ሊትር ድርሻ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በደንብ የተመገበች፣ ጤናዋ የተጠበቀ የተዳቀለች ላም ወተት ካርቦኑ በጣም ይወርዳል። የሀበሻ ዶሮም በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ የፈረንጇ ከ250 በላይ። የሀበሻዋ የምትበላው ትርፍራፊ በመሆኑ ሂሳቡ እንደ ላሟ አይከፋም፣ ግን ለከተማ ሁሉ በሀበሻ ዶሮ እንቁላል እናድርስ ብትይ አይደርስም።

መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህንኑ ነው የሚለው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ከ40 በመቶ በላዩ የከብት ነው። መፍትሔ ተብለው ከተቀመጡት አንዱ ከምንበላው ሥጋ የዶሮው ድርሻ በ2030 ወደ 30 በመቶ እንዲደርስ ነው። የሌማት ትሩፋት ሲጀመር ዶሮና ወተት ላይ የተተኮረው ለአየር ንብረት ተብሎ ባይሆንም መንገዱ አንድ ነው።

ጾምንም ላንሳ፣ ሁልጊዜ ስለሚጠቀስ። "የኛ ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ስለሚጾም ካርቦኑ ቀለል ያለ ነው" ይባላል። ለበላተኛው እውነት ነው። ግን ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ወተት ገዢ ያጣል። ላሟ አትጾምም። ሰላሌም ሱሉልታም ያለው ገበሬ ወተቱን ቅቤና አይብ ያደርገዋል፣ የማይችለው ይደፋዋል። ሚቴኑ ወጥቷል፣ ወተቱ ግን ሰው ሆድ አልገባም። ማቀዝቀዣና የዱቄት ወተት ፋብሪካ ላይ የሚውል ብር፣ ማሸጊያ ላይ ከሚለጠፍ ምልክት ይልቅ ብዙ ካርቦን ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የጎፋዋ_ጋጋሪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። መርካቶ ዙሪያ ያልከው ገብቶኛል፤ ሽሮ የምትበላዋን ጎረቤቴን 2 ብር ጨምሪ ማለት እኔም ያሳፍረኛል። የምፈልገው ግን ጋጋሪዎቼን በትክክል ከፍዬ በመብራት መቀጠል ነው። ማሸጊያው ላይ "አነስተኛ ካርቦን" ብጽፍስ? ዋጋ ሳልጨምር እንኳ?

ምግብ_ሳይንስ_05

እኔ ብሆን ያንን ቃል አልጽፍም። ምክንያቴን ላስረዳ።

ካርቦን መቁጠር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የእንግሊዙ ቴስኮ በ2007 እ.ኤ.አ. 70,000 ምርቶቼ ላይ ሁሉ የካርቦን መጠን እጽፋለሁ አለ። በ2012 ተወው። አንዱን ምርት ለማጥናት ወራት ይፈጅ ነበር፤ ሌሎቹ ሱፐርማርኬቶችም አልተከተሉትም። ያ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት ነው።

የአንቺን እንጀራ ብንወስድ፣ መጋገሩ ንጹህ ነው። እሱን አልክድም፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጤፉ የመጣው ከማሳ ነው። ዩሪያ ሲበተን ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ250 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ነው። የሚያርሱት በሬዎችም ዓመቱን ሙሉ ያመነዥካሉ። የጤፍ ምርት በሄክታር ከስንዴና ከበቆሎ ያነሰ ስለሆነ ይህ ሁሉ የሚካፈለው ለጥቂት ኩንታል ነው። አንድ ተማሪ መጥቶ "አነስተኛ ካርቦን ያልሽው ከምን ያነሰ ነው?" ቢልሽ ወረቀት ያስፈልግሻል።

በሌላ በኩል ሰዎች ብዙ የሚከራከሩበት ርቀት በየብስና በባሕር ለሚጓዝ ምግብ ያን ያህል አይከብድም። በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የፑርና የኔሜቼክ ጥናት ከ119 አገራት ወደ 38,700 እርሻዎችን አይቷል። ከምግብ የሚመጣው ልቀት ሰው ከሚለቀው ሁሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት አንድ ኪሎ ሥጋ በአማካይ 100 ኪሎ ገደማ ካርቦን አለው፤ አንድ ኪሎ አተር 1 ኪሎ ገደማ። ከሥጋው ካርቦን ውስጥ የትራንስፖርቱ ድርሻ 1 በመቶ አይሞላም። ዋናው ነገር ምን በላህ ነው፤ አውሮፕላን ካልገባበት በቀር ከየት መጣ የሚለው ሁለተኛ ነው።

ስለዚህ የምታውቂውን ብቻ ጻፊ። "በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ፣ ያለ እንጨትና ያለ ጭስ።" ይህ እውነት ነው፣ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል። ቀጥሎ "100 በመቶ ጤፍ" የምትጋግሪ ከሆነ እሱን በትልቁ ጻፊው። እዚህ ከተማ እንጀራ ከጄሶ ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ደጋግሞ ተሰምቷል። ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ለመተማመኛ ብሎ ይጨምራል።

ደግሞ ሰውን "ትከፍላለህ?" ብለሽ አትጠይቂ። ሁለት ሱቅ ምረጪ፤ አንዱ ጋ በድሮው ማሸጊያና ዋጋ፣ አንዱ ጋ በአዲሱ ጽሑፍና በትንሽ ጭማሪ አስቀምጪ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አለዋውጪያቸው። ከየትኛው ስንት ተመለሰ የሚለው ይነግርሻል።

ኮፐንሃገን_ኖሬብሮ

ምክሩ ለእህታችን ሱቅ ጥሩ ነው። ለትልቁ ጉዳይ ግን ይህን ሸክም ገዢው ላይ መጣል ስህተት ነው እላለሁ። ዴንማርክ ይህን ቀደም ብላ ተረድታለች። በ2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት፣ ገበሬዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ተስማምተው ከብትና አሳማ የሚለቁት ጋዝ ላይ ግብር ጣሉ። ከ2030 ጀምሮ በቶን 300 ክሮነር፣ በ2035 ደግሞ 750 ይሆናል። 60 በመቶ ተቀናሽ ስላለው ገበሬው የሚከፍለው በመጀመሪያ 120፣ ኋላ 300 ነው። እዚያ ላይ ገበሬው መሬቱን ወደ ደን ሲመልስ ድጎማ ያገኛል።

ይህ ከሆነ ገዢው ሱቅ ገብቶ ኅሊናውን እያመዛዘነ አይቆምም። ዋጋው ራሱ ይነግረዋል። ደጉም ክፉውም እኩል ይከፍላል።

መርካቶ_ዙሪያ

ወንድሜ ለዴንማርክ ይሁን። ቦረናና አፋር ላይ ከብት ሀብትም፣ ባንክም፣ ጥሎሽም ነው። እዚያ በቶን ግብር አይታሰብም።

ኮፐንሃገን_ኖሬብሮ

አላልኩም። አገር ቤት ግብሩ ሳይሆን ድጎማው ነው የሚመጥነው። ለምሳሌ በመብራት ለሚጋግሩ አነስተኛ ድርጅቶች የተለየ ታሪፍ።

ሐይፋ_ካርሜል

ግብርም ቢሆን ሰው ካልተቀበለው አይቆይም፤ እኛ አይተነዋል። እስራኤል በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ሳህንና ኩባያ ላይ በኪሎ 11 ሸቀል ግብር ጣለች። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ በጣም ተቆጣ፤ በተለይ ሐሬዲ የሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች። ምርጫ ላይ ዋና መፈክር ሆነ፣ አዲሱ መንግሥት በ2023 መጀመሪያ ሰረዘው። እኛም ሠርግና ተስካር ላይ ስንት ሰው እንደምናበላ ታውቃላችሁ፤ ዕቃ ማን ያጥባል የሚለው የእናቶች ጥያቄ ነበር። ለደሃና ለትልቅ ቤተሰብ ማካካሻ ቀድሞ ቢታሰብ ኖሮ ምናልባት ይቆይ ነበር። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሰው ካላየ ጭማሪ ሁሉ ቅጣት ነው የሚመስለው።

የእንጦጦ_ልጅ

ስለ እንጨት ተሸካሚዎቹ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። እንጦጦ ሥር ነው ያደግኩት። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም አይታችኋል። የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ተሸክመው በቁልቁለቱ ይወርዳሉ። ወገባቸው ይጎብጣል። የሚገዟቸው ደግሞ ጋጋሪዎቹ ናቸው፤ እነሱም በጭስ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ሳል ይዟቸው ይኖራል።

ስለዚህ የመብራት እንጀራ ጥሩ ነው ስንል እኔም ከልቤ እደግፋለሁ። ግን እንጨቱን የሚሸጡት ሴቶች ምን ይብሉ የሚለው አብሮ ይታሰብ። እህታችን ሠራተኛ ስትጨምር ከእነሱ መካከል ብትወስድ ትልቅ ሥራ ነው። እሱን ደግሞ ሰው ይሰማል። "ይህን እንጀራ የምትጋግረው ትናንት እንጨት ትሸከም የነበረች ናት" ቢባል እኔ 2 ብር አይደለም ከዚያም በላይ እጨምራለሁ። መብራት ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለ፤ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱንም እንዲሁ።

ሆቴል_ግዢ

ዘግይቼ ገባሁ። በሆቴል ግዢ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ከኛ ወገን ያለውን ልንገርሽ።

ገዢሽን ከሱቅ ውጪ ፈልጊ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኤምባሲዎችና ስማቸው ዓለም አቀፍ የሆኑ ሆቴሎች ያሉባት ከተማ ናት። እነዚህ በየዓመቱ የአካባቢ ሪፖርት ይጽፋሉ። ስብሰባ ሲዘጋጅ "የምግቡ አቅራቢ ምን ዓይነት ኃይል ይጠቀማል" የሚል ጥያቄ አሁን አሁን ቅጹ ላይ ይመጣል። ለነሱ የ2 ብር ጭማሪ ከጠቅላላ ሂሳባቸው ምንም አይደለም። ለቤተሰብ ግን የልጅ ደብተር ነው፣ መርካቶ ዙሪያ እንዳለው።

የሚጠይቁሽን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ንግድ ፈቃድ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባና የማሽን ደረሰኝ ዋናዎቹ ናቸው። የጤና ምርመራ ካርድ ለሁሉም ጋጋሪ ያስፈልጋል። ክብደቱና ስፋቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሼፍ የሚጠላው ዛሬ ወፍራም ነገ ስስ የሚሆን እንጀራ ነው። መብራት ቢጠፋ በምን ታስረክቢያለሽ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ጄኔሬተር ካልሽ ናፍጣ ነው፤ ያኔ "ያለ ጭስ" ያልሽው ይፈርስብሻል። ከሌላ ክፍለ ከተማ ካለች የመብራት ጋጋሪ ጋር ተስማምተሽ አንቺ ጋ ሲጠፋ እሷ ታግዝሽ፣ እሷ ጋ ሲጠፋ አንቺ። ብዙ ጊዜ መብራት ሁሉም ሰፈር በአንዴ አይጠፋም።

የመብራት ደረሰኞችሽን ሰብስበሽ ያዢ። ለሪፖርት የሚፈልጉት እሱን ነው፤ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት፣ ስንት እንጀራ። ማንም አማካሪ ሳትቀጥሪ በራስሽ ደብተር የምታወጪው ሂሳብ ነው።

የጎፋዋ_ጋጋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ለሰፈሩና ለሱቆቹ ዋጋው ባለበት ይቆያል፣ ለካርቦን ብዬ ከማንም ጎረቤት አልጠይቅም። ማሸጊያው ላይ "100 በመቶ ጤፍ" ይቀድማል፣ ሥሩ "በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ያለ እንጨትና ያለ ጭስ" ይጻፋል። የሁለቱን ሱቆች ሙከራ አደርጋለሁ፤ ጭማሪ ሳይኖር ጽሑፉ ብቻ ሽያጭ ያመጣ እንደሆነ አያለሁ። ለሆቴሎቹና ለቢሮዎቹ ግን ወጪዬን የሚሸፍን ዋጋ ይዤ እገባለሁ፣ የመብራት ደረሰኞቹን አያይዤ።

የእንጦጦ ልጅ፣ ያነሳኸው ጉዳይ አስተኝቶኝ አላደረም። ሁለት ሰው መቅጠር እችላለሁ። የሚገባቸውን ሰዎች የምታውቅ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መጋገር የማይችሉም ቢሆኑ ሊጥ ማቡካትና ማሸግ ላይ እናስገባቸዋለን።

ኮፐንሃገን ያልከውን የተለየ ታሪፍ ደግሞ ከሌሎች ጋጋሪዎች ጋር ሆነን በማኅበር ብንጠይቅ ምን ትላላችሁ? በየከተማው ጥግ በመብራት የሚጋግሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ ለየብቻችን ማንም አይሰማንም።

የእንጦጦ_ልጅ

ጽፌልሻለሁ፣ መልእክትሽን እዪ። አንዷ ድሮ ጋግራ የምትሸጥ ነበረች፣ ወገቧ ሲታመም ነው የተወችው። ምጣዱ ከፍ ያለ መደብ ላይ ከሆነ ትችላለች።

የጎፋዋ_ጋጋሪ

ቆመው ነው የሚጋግሩት፣ መደቡ እስከ ወገብ ይደርሳል። ሰኞ ጠዋት ትምጣ።

ሰላም_ጓዳ

የማኅበሩን ጉዳይ ስትጀምሩ ለእኔም ንገሩኝ፤ አክስቴ ሳሪስ በመብራት ነው የምትጋግረው። ደግሞ ሰርገኛ ትጋግሪያለሽ? እናቴ አሁን ማኛውን ለበዓል ብቻ ነው የምትለው።

የጎፋዋ_ጋጋሪ

እንጋግራለን። ማክሰኞና ዓርብ ይወጣል። የአክስትሽን ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ መብራት ሲጠፋ የምንተጋገዘው ከእሷ ጋር ይሆናል።